አልቃሻን ዝም ማሰኘት

ሰፈሩ ሞተር ብስክሌቷን «አልቃሻ» ብሎ ስም አውጥቶላታል። ጌታዋን፣ ፀጉር አስተካካዩን፣ ደግሞ «የአልቃሻ አባት» ይለዋል። እሱ በራሱ ቅጽል ስም ቅር ተሰኝቶ አያውቅም፤ የሚያንገበግበው የሷ ስም እውነት መሆኑ ነው። ከፊት ጎማዋ ግራና ቀኝ የቆሙት ሁለቱ እግሮቿ፣ መንገድ ሲጎረብጥ ወጣ ገባ እያሉ ንዝረቱን የሚውጡት፣ በሆዳቸው ያለውን ዘይት መያዝ ካቃታቸው ቆይቷል። በቆመችበት ሁሉ አንድ ጥቁር ክብ ትታ ትሄዳለች። ክቡ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ከታየ የአልቃሻ አባት ዳቦ ገዝቷል ማለት ነው፤ ካርታ መጫወቻው ቤት ደጃፍ ከታየ ደግሞ ዳቦ ልገዛ ብሎ የወጣው ሰውዬ የት እንደገባ ታውቋል ማለት ነው። በሰፈሩ ውስጥ «የትም አልሄድኩም» ብሎ መዋሸት የማይችል ባል እሱ ብቻ ነበር።

ያን ቅዳሜ ግን ሰውዬው እግሩ መሬት አልነካ ብሎ ነበር። ሌላ ከተማ የምትኖረው ሴት ልጁ ስታፈላልግ ከርማ ለአልቃሻ የሚሆኑ ጥንድ ጎሚኒዎች አግኝታ በአውቶቡስ ላከችለት። ጎሚኒ ሲባል ነገሩ ቀላል ነው፤ የሕፃን እጅ አምባር የሚያህል ጥቁር የጎማ ቀለበት ነው። በእግሯ አፍ ላይ ይቀመጥና በስስ ከንፈሩ ቱቦውን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፤ ቱቦው እንዲወጣና እንዲገባ ይፈቅዳል፣ ዘይቱን ግን ወደ ቤትህ ብሎ ይመልሳል። እንዲህ ያለውን ጎሚኒ የሚሠራ ሰው ጠፍቷል ተብሎ ተስፋ ተቆርጦ ነበርና፣ ሰውዬው እሽጉን ከፈታ ጀምሮ ያላሳየው ሰው አልነበረም። ግማሽ አገጩ በሳሙና የተለቀለቀ ደንበኛ እንኳ ሌላው ግማሽ ከመላጨቱ በፊት ጎሚኒዎቹን በእጁ ይዞ፣ ለብርሃን አቅርቦ፣ ማድነቅ ነበረበት።

እኩለ ቀን ላይ የፀጉር ቤቱን በር ዘጋ። ቅዳሜ ከሰዓት ፀጉር ቤት ተዘግቶ የሚያውቀው ሰው ሲሞት ነው። ጎረቤቶቹ ፊታቸውን አጥቁረው ሊያጽናኑት መጡ፤ እሱ ግን እጅጌውን ጠቅልሎ፣ አልቃሻን በረንዳው ላይ በእንጨት ሳጥን ደግፎ፣ ጥርሱን እያሳየ ተቀበላቸው። «ማን ሞተ?» አሉት። «ማንም፤ ዛሬ ልቅሶ የሚያበቃበት ቀን ነው» አላቸውና ወደ ቡሎኖቹ ተመለሰ። እብድ ነው ተባብለው ሄዱ።

እብደቱ ምክንያት ነበረው። ምክንያቱ ደግሞ በዚያው በረንዳ ላይ፣ በሩ አጠገብ ወንበር ስባ የሱሪ ጫፍ ስትለቅም ነበር።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት ክፍሏና የሱ ፀጉር ቤት የሚለያዩት በአንዲት ስስ ግድግዳ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በዚያኛው በኩል የስፌት መኪናዋ፣ በዚህኛው በኩል የሱ ቶንዶስ ሲያጉረመርሙ ይውላሉ። ሲጋቡ ግን ግድግዳም ክፍልም አልነበራቸውም፤ የነበረቻቸው አልቃሻ ናት፣ ያኔ ገና ማልቀስ ያልጀመረች። ከአንድ ጡረታ ከወጣ የፖስታ አመላላሽ ያገኛት በጎረምሳነቱ ነው። የዛሬ ሚስቱ ያኔ የሰፋችውን ልብስ በየደንበኛው ቤት በእግሯ ታደርስ ነበርና አንድ ቀን ላድርስሽ አላት። ልብሱን ብቻ አድርስልኝ አለችው። ልብሱ እንዳይጨማደድ የሚይዘው ሰው ያስፈልጋል ብሎ መለሰላት፤ ይህን ሲል ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው። ወጣች። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓመት ከዚያች የኋላ ወንበር አልወረደችም ማለት ይቻላል። እዚያው ላይ ተፋቀሩ፣ እዚያው ላይ ተኳረፉ፣ ኩርፊያቸውንም እዚያው ላይ ረሱ። የሞተሩ ጩኸት ስለማያነጋግር የራሷን ቋንቋ ፈጠረች፤ ትከሻውን አንዴ መታ ካደረገችው «ቀስ በል» ነው፣ ሁለቴ ከመታችው «ፍጠን» ነው። እውነቱን ለመናገር አንዴ የመታችባቸው ቀኖች ጥቂት ናቸው። ነገረ ሥራዋ ሁሉ የተረጋጋ፣ መርፌ ስትይዝ ትንፋሿ የማይሰማ ሴት፣ ያቺ ወንበር ላይ ስትወጣ ሌላ ሰው ነበረች።

ከዚያ ልቅሶው መጣ። በመጀመሪያ ጠብ፣ ጠብ፤ ቀጥሎ እግሯን ተከትሎ ወደ ጎማው። ከውሃ ማጠራቀሚያው የሚወርደው ረጅም ቁልቁለት ላይ አንድ እሑድ ፍሬን ሲይዝ ፍሬኑ በዘይት ርሶ ሙልጭ አለበት፤ የመንገድ ሥራ አሸዋ ክምር ባያገኙ ኖሮ ይህ ታሪክ ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር። አጥንት አልተሰበረም። አልቃሻ ግን በጎኗ ተኝታ የሆዷን ዘይት ሁሉ ሚስትየው ቀሚስ ላይ ገለበጠችው። ቢጫ ቀሚስ ነበር፣ ደማቅ፤ ለሰው ስትሰፋ ኖራ አንዴ ለራሷ የሰፋችው። ተነሳች፣ አሸዋውን አራገፈች፣ ቀሚሱን አየች፣ በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች። እስከዚያች ቅዳሜ ድረስም በእግሯ እንደሄደች ነበር። ቀሚሱን አልጣለችውም፤ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሰቅላዋለች። ሸሚዙን ሊያወጣ በከፈተ ቁጥር ቢጫውና ጥቁሩ ፊት ለፊት ያፈጡበታል። ክሱን አልዘጋችውም ማለት ነው ብሎ በሩን ቶሎ ይዘጋል። ኋላ ኋላማ ሸሚዙን ሳያይ በዳበሳ ማውጣት ለምዷል።

ልጃቸው ጎሚኒዎቹን አገኘሁ ብላ በደወለች ጊዜ ነው ድፍረት ያገኘው። ግድግዳውን ዞሮ ገባና፣ የተዘጋጀበትን ንግግር ረስቶት፣ ጥፋት እንደሠራ ልጅ ቆሞ፣ «ብትድንልኝ ትወጫለሽ?» አላት።

ከስፌት መኪናዋ ቀና አላለችም። ትንሽ ሰፋች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ነጭ ጨርቅ ከሥሯ አነጥፋለሁ። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ካደረ እወጣለሁ። አንዲት ጠብታ ካገኘሁበት ግን ዳግመኛ እንዳትጠይቀኝ» አለችው።

እንግዲህ የዚያ ቅዳሜ ነገር ይህ ነው። ጎሚኒዎቹ አንድ ጥንድ ብቻ ናቸው፤ ሌላ የለም። ዕድሉም እንደ ጎሚኒዎቹ።

ጎረቤቱ መካኒክ የመፍቻ ሳጥኑን ይዞ መጣ። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ከሌላ ማሽን የተገኘ ተመሳሳይ ጎሚኒ ገጥመውላት ነበር፤ ሁለቱም ጊዜ ጥቂት ሰንብታ ማልቀሷን ቀጠለች። መካኒኩ ሁለቱንም ጊዜ ጎሚኒው ነው የማይረባው ብሎ ፈርዷል፤ ሰውዬውም አምኖታል። እንደ ወንድማማች እየተቀላለዱ ጎማውን አወረዱ፣ ፍሬኑን ፈቱ፣ ፓራፋንጎውን አነሱ። ከእግሮቿ ሥር ያሉትን ትናንሽ ቡሎኖች ሲያላሉ አሮጌው ዘይት ጥቁር ሆኖ ወደ ቆርቆሮው ወረደ። መካኒኩ አሸተተና ፊቱን አዞረ። «ይሄ ዘይት ድሮ ጡረታ መውጣት ነበረበት፤ እንዳንተ» አለው። ሰውዬው ቅር አላለውም። በዚያን ሰዓት ቢሰድቡት ያመሰግን ነበር።

እያንዳንዱ እግር ሁለት ነገር ነው፤ ከላይ የሚያብለጨልጭ ቀጭን ቱቦ፣ ከታች ቱቦው የሚገባበት ወፍራም ቀፎ። ቱቦዎቹ ከቀፎዎቹ ተላቀቁ። መካኒኩ አሮጌዎቹን ጎሚኒዎች በካቻቢቴ ፈንቅሎ አወጣና ወለሉ ላይ ጣላቸው። አዲሶቹን ቀፎው አፍ ላይ አስቀምጦ፣ በልካቸው የቆረጠውን የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ከላያቸው ጭኖ፣ በመዶሻ በስሱ መታ መታ እያደረገ አስገባቸው። ልክክ። ሰውዬው አጠገቡ ተንበርክኮ ሲያይ ጮቤ ሊረግጥ ምንም አልቀረው። የቱቦው ጫፍ የጎሚኒውን ከንፈር እንዳይቆርጠው ፌስታል ጠቀለሉበት፣ ፌስታሉን ዘይት ቀቡት፤ የቀረው ማስገባት ብቻ ነው። ሰውዬው የመጀመሪያውን ቱቦ በሁለት እጁ አነሳ።

«ቆይ» አለች ሚስቱ።

ሁለቱም ዞሩ። ሱሪውን ጭኗ ላይ አኑራ፣ ከወለሉ ካነሳቻቸው አሮጌ ጎሚኒዎች አንዱን ዓይኗ ሥር አስጠግታ ከንፈሩን በአውራ ጣቷ እየገለበጠች ታየዋለች፤ የደንበኛ ልብስ ሲመጣላት እንደምታየው።

«ይሄ አላረጀም። ተቀዷል» አለች። ሌላውንም አነሳች። «ይሄም። እዚህ ጋ ብቻ፣ አንድ ቦታ። ያረጀ ነገር ሁሉም ቦታ ይሳሳል እንጂ እንዲህ አይሆንም፤ የሆነ ነገር ይዞ ቀዶታል።»

መካኒኩ ጎሚኒውን ተቀብሎ አገላበጠው። ቱቦውን ወስዶ በመዳፉ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው፤ ለስላሳ ነው አለ። መዳፉ ግን ብረት ሲጨብጥ የኖረ ስለሆነ መርፌ ቢወጋው እንኳ ዘግይቶ ነው የሚሰማው። ሚስትየው ተነስታ ወደ ውስጥ ገባችና አሮጌ ስቶኪንግ ይዛ ወጣች። የእንጨት ማስመሪያዋ ስስ ጨርቅ እየጎተተ ሲያስቸግራት በዚህ ነው ስንጥሩን የምታገኘው። ስቶኪንጉን እጇ ላይ አጥልቃ ቱቦውን ጨበጠችና ቀስ ብላ ወደ ታች ሳበች። ሽር አለ፣ ሽር አለ፣ መሃል ላይ ሲደርስ ያዘ። ክሩ ተስቦ ቀረ።

«ይኸው» አለች።

ጎንበስ ብለው አዩ። ዝገት የቱቦውን የሚያብለጨልጭ ልባስ ነጥብ ነጥብ አድርጎ በልቶት፣ የነጥቦቹ ጠርዝ ደግሞ ቀና ቀና ብሎ ቆሟል፤ በዓይን ለማየት አንገት ማጣመም ይጠይቃል። አልቃሻ ጉድጓድ ውስጥ በገባች ቁጥር ያ ጠርዝ የጎሚኒውን ከንፈር እየቆረጠ ሲወጣና ሲገባ ኖሯል። መካኒኩ ግን ግራ ገባው። ዝገት ይበላል እንጂ ጠርዝ አያቆምም፤ አንድ ሰው በሹል ነገር እየፋቀ ካላነሳው በቀር። «በምንድነው የምታጸዳት?» ብሎ ጠየቀው።

ሰውዬው ደረቱን ነፋ። አልቃሻን እንደሱ የሚንከባከባት እንደሌለ ሰፈሩ ይመሰክርለታል። ቅዳሜ ማታ ማታ ሥራ ሲያበቃ የደረቀውን ጭቃና በመንገድ የተለጠፈባትን ትንኝ ሁሉ ከቱቦዎቿ ላይ እንዴት እንደሚያነሳ፣ ጉድፍ እንደማያስቀርባት ማስረዳት ጀመረ። «አገጭ የጨረሰ ምላጭ አለኝ፣ በሱ ሙልጭ አድርጌ ነው የምላ...»

ቃሉን አልጨረሰውም። አፉን እንደከፈተ ቀረ። ቱቦውን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ እጁን አየ። ስንት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ፣ በፍቅር፣ ሲላጫት ኖሯል። ያስለቀሳት ጎሚኒው አይደለም፣ ዝገቱም ብቻውን አይደለም፤ አባቷ ራሱ ነው። ሰውዬው ኩም አለ። መካኒኩ መፍቻውን ጥሎ ግድግዳውን ተደገፈ፤ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቋ ቀድሞ ያመለጣት ግን ሚስትየው ናት። ሆዷን ይዛ፣ ስቶኪንጉ እጇ ላይ እንደጠለቀ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሊያጽናኑ የመጡት ጎረቤቶች ዳግመኛ ብቅ አሉ፤ ሦስቱን በዚያ ሁኔታ ሲያዩ አሁንስ በጅምላ አበዱ ብለው ተመለሱ። ሰውዬው በመጀመሪያ አፈረ፣ ቀጥሎ እሷን ሲያይ ልቡ ዘለለ። በአልቃሻ ጉዳይ ስትስቅ ካያት ዘመን ሆኖታል።

ከዚያ በኋላማ ሥራው ሥራ አልነበረም፣ ጨዋታ ነበር። ሰውዬው ወደ ፀጉር ቤቱ ሮጦ የአጎቱን የምላጭ መሳያ ድንጋይ አመጣ። አጎቱ ሙያውንም ድንጋዩንም ያወረሰው አንድ ላይ ነው፤ እንደ መስታወት የለሰለሰ፣ ሌላ ሰው እንዳይነካበት በጨርቅ ጠቅልሎ የሚያስቀምጠው ድንጋይ ነው። ዘይት ጠብ አደረገበትና የቆመውን ጠርዝ ብቻ፣ ዙሪያውን ሳይነካ፣ በስሱ ይስለው ጀመር። ምላጭ ያነሳውን የምላጭ ድንጋይ ያስተኛው ማለት ነው። እሱ ይስላል፣ እሷ ስቶኪንጉን ትስባለች። ያዘ። ይስላል፣ ትስባለች። አሁንም ያዘ፣ ግን ትንሽ። መካኒኩ ሥራ ፈትቶ ቆመና እንደ ኳስ ጨዋታ ዳኛ «ያዘ»፣ «አለፈ» እያለ ይፈርድ ጀመር። ሰውዬው ትንፋሹን ውጦ፣ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ ይስላል፤ የአንድ ሊቀመንበር ጢም እያስተካከለ ቢሆን እንኳ እንደዚያ አይጠነቀቅም። በመጨረሻ ስቶኪንጉ ከላይ ጀምሮ ሽርርር ብሎ እስከ ታች ወረደ። ምንም አልያዘውም።

«ድገሚው» አላት።

ደገመችው። ሽርርር አለ። ሁለተኛውንም ቱቦ እንዲሁ አድርገው አስተኙት።

ቱቦዎቹ ጎሚኒዎቹን አልፈው ወደ ቀፎአቸው ሲገቡ ሦስቱም አንድ ላይ ተነፈሱ። አዲሱን ዘይት የለካው ሰውዬው ነው፤ የሽቶ ውሃ በሚሰፍርበት ብርጭቆ ሰፍሮ፣ ዓይኑን ከመስመሩ እኩል አድርጎ፣ ለሁለቱም እግሮች ልክ በልክ ቀዳ። ግራና ቀኝ ማስተካከል ድሮም እንጀራው ነው፤ በዚህ መካኒኩም አልተከራከረውም። ጎማው ተመለሰ፣ ፍሬኑ ከዘይት ጸድቶ ታሰረ፣ ፓራፋንጎው ተቀመጠ። ሰውዬው የፊት ፍሬኑን ጨብጦ መሪውን በሙሉ ክብደቱ ተጫነው። አልቃሻ ዝቅ አለች፣ ቀና አለች፤ ቱቦው ላይ እንደ ቀለበት የሚቀረው የድሮ ዘይት የለም። እንደገና ተጫናት። ደረቅ ነው። አስነስቶ ሰፈሩን ዞረ፤ ዳቦ ቤቱ ጋ ቆመ፣ ካርታ ቤቱ ጋ ቆመ፣ መሬቱን እያየ ተመለሰ። ዳቦ ጋጋሪው ምን ጠፋብህ ቢለው «ምንም አልጠፋብኝም፤ የምፈልገውም ምንም እንዳላገኝ ነው» አለው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሚስትየው ከአንሶላ የተረፈ ነጭ ጨርቅ አምጥታ ከፊት ጎማው ሥር አነጠፈች፤ ጥግ ጥጉን በጣቷ አስተካከለች። ሰውዬው ሲያያት አልሳቀችም፣ አላፈገፈገችም። ውል ውል ነው።

እሑድ ጠዋት ከወፎቹ ጋር ነቃ። ነቅቶ ግን ወደ በረንዳው የሚሄድ እግር አጣ። ሻይ አፈላ፤ ጠጣው። ያልቆሸሹትን ብርጭቆዎች ሳይቀር አጠበ። ጢሙን ተላጨ፣ ትናንት መላጨቱን ረስቶት። ሚስቱ አልጋው ላይ አልነበረችም፣ ስፌት ክፍሏም ጸጥ ብሏል፤ አይታው ይሆን አለ። አይታው ዝም ብላ ወጥታ ከሆነ ደግሞ ነገሩ አለቀለት። በመጨረሻ ዓይኑን ግማሽ ጨፍኖ በሩን ገፋና ወጣ፣ ከጎማው ሥር ተንበረከከ፣ ጨርቁን ሳበ። አገላበጠው። ለፀሐይ አነሳው።

ነጭ ነው። አንዲት ጠብታ የለበትም። ትናንት እንደተነጠፈ ነጭ ነው።

ምን እንዳለ አያስታውስም። ጨርቁን እንደ ባንዲራ ይዞ በረንዳው ላይ ሲዘል ጎረቤቱ መካኒክ በመስኮቱ ያየዋል፤ ኋላ ለሰፈሩ ያወራው እሱ ነው። ሚስቱን ሊጠራ ዞረ። ዞሮ አፉ ተከፍቶ ቀረ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ።

ከአልቃሻ ወዲያኛው ጎን ተንበርክካ የኋላ ወንበሩ ላይ የሆነ ነገር ታስራለች። ለካ እሱ ጨርቁን ብቻ ሲያይ እሷ ከፊቱ ነበረች። የምታስረው አዲስ የወንበር ልብስ ነው፤ ዳርና ዳሩ በድርብ ስፌት የተሰፋ፣ ልኩ ልክ፣ ቀለሙ ደማቅ ቢጫ። ቀሚሱ ነበር። ጥቁሩ ተቆርጦ ወጥቶ ንጹሑ ብቻ ተገጣጥሟል። ሰውዬው ጨርቁን ዝቅ አደረገው።

«መቼ ሰፋሽው?» አላት።

«ልጅቷ ጎሚኒ አገኘሁ ያለች ቀን» አለች፣ ቋጠሮውን እያጠበቀች።

«ገና ሳይመጣ? ገና ሳትድን?» ጨርቁን አሳያት። «ታዲያ ይሄስ?»

«እሱ ላንተ ነው፤ እንድታምናት። እኔማ ያኔውኑ ወጥቼ ነበር» አለች። ተነሳች፣ ጉልበቷን አራገፈች፣ መሪውን በአገጯ አሳየችው። «አስነሳት በል፤ የፈራሁት ያንተ ጥንቃቄ ነው እንጂ መንገዱ አይደለም።»

ወደ ውሃ ማጠራቀሚያው ወጡ። አልቃሻ ድንጋዩንም ጉድጓዱንም ዋጥ እያደረገች፣ እንደ ልጅነቷ፣ ቀጥ ብላ ሄደች። ሰውዬው በወገቡ ላይ የተጠላለፉትን እጆች እያሰበ መንገዱን ማሰብ አቃተው። ላይ ሲደርሱ ውሃውን ትንሽ አዩ። ከዚያ ያ ቁልቁለት ፊት ለፊታቸው ተዘረጋ። አሸዋ ክምሩ ድሮ ተነስቷል፤ ቦታውን ግን ሁለቱም ያውቁታል። ሰውዬው ፍሬኑን ገና ከአናቱ ያዘው፤ ያዘ፣ በደንብ ያዘ። ቢሆንም አላመነውም፤ ማርሹን ቀነሰ፣ እንደገና ቀነሰ። ከጎናቸው ውሃ ተሸክማ የምትወርድ ሴት ልትቀድማቸው ትንሽ ቀራት።

ትከሻው ላይ መታ ተደረገ። አንዴ። «ቀስ በል» ነው፤ እሺ ብሎ ሊቆም ምንም አልቀረው፤ ገባኝ፣ ፈራሽ፣ ልክ ነሽ ሊላት።

ከዚያ ሁለተኛው መጣ።